የተዘለለው ዓመት



ነሐሴ ላይ፣ የምዝገባው ሰሞን፣ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ቢሮ አንድ ዓይነት ንግግር ይደጋገማል። እናት ወይም አባት በአንድ እጃቸው ልጃቸውን፣ በሌላው ደብተር ይዘው ይገባሉ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ «ቲቸር፣ እስቲ ይዩት። ፊደሉን ጨርሷል፤ እስከ መቶ ይቆጥራል፤ ስሙን በእንግሊዝኛም ይጽፋል። ዩኬጂ ገብቶ ምን ይሠራል? ደብል ይምታና አንደኛ ክፍል ይግባልን» ይላሉ። አዋቂዎቹ ይህን ሲነጋገሩ ልጁ ወንበር ሥር ገብቶ ጉንዳን ይከተላል።

ከሃያ ዓመት በላይ ሕፃናትን ሳስተምር ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። እሺ ያልኩበት ጊዜ አለ፤ አይሆንም ያልኩበትም አለ። እሺ ካልኳቸው መካከል ዛሬም ሳስበው የሚቆጨኝ አንድ ልጅ አለ። እሱን ቆይቼ አነሣዋለሁ።

አስቀድሜ ግን ወላጅን ለመውቀስ እንዳልመጣሁ እወቁልኝ። ጥያቄው በቂ ምክንያት አለው። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ አንድ ዓመት ማሳጠር ለብዙ ቤተሰብ የዓመት ክፍያ፣ የሰርቪስና የዩኒፎርም ወጪ ማዳን ነው። ልጁም ታላቁ ሲያጠና አጠገቡ ተቀምጦ ፊደሉን ቀድሞ ለቃቅሞት ይሆናል፤ ክፍል ገብቶ «ሀ በሉ» ሲባል ይሰለቸዋል። ደግሞ ልጃችን ከእኩዮቹ ቀድሞ ሲታይ ደስ ይለናል። ይህም ከፍቅር የመጣ ነው። እኔ ግን ደብተሩን ከመግለጤ በፊት አንድ ነገር እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ፦ ሊዘለል የታሰበው ያ ዓመት ለምን ተሠራ?

ፍሪድሪክ ፍሮብል የተባለ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለትናንሽ ልጆች አንድ ቤት ከፈተ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስሙን «ኪንደርጋርተን» አለው፤ የልጆች የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ለልጆቹ የሰጣቸው መጽሐፍ ሳይሆን ኳስ፣ የእንጨት ኩብና የሚገጣጠሙ ቁርጥራጮች ነበሩ። እኛ ደግሞ ቤቱን ስንሰይም ከግእዝ ወስደን «መዋዕለ ሕፃናት» አልነው። መዋዕል ማለት ቀናት፣ ዘመን ማለት ነው፤ ስለዚህ የእኛ ስም የሕፃናት ዘመን ይላል። ጀርመኖቹ ቦታውን ሰየሙ፤ እኛ ጊዜውን። ስሙን ያወጡልን ሰዎች ይህ ጊዜ የልጁ የራሱ ጊዜ መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል።

የአገራችን ፖሊሲም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናትን ዓላማ የልጁ ሁለንተናዊ ዕድገትና ለመደበኛ ትምህርት መዘጋጀት አደረገው፤ አንደኛ ክፍል መግቢያውንም 7 ዓመት። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት፣ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጆች፣ አድርጎታል። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የለመድነው ግን ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ የሚለው የሦስት ዓመት ጉዞ ነው። ከሦስት ዓመት አንዱን መዝለል ሲሶውን መዝለል ነው፤ ከሁለት አንዱን መዝለል ግን ግማሹን። ለአርባ ዓመት ሰው አንድ ዓመት ከዕድሜው አርባኛ እጁ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ አንድ አምስተኛው ነው።

በዚያ ዓመት ውስጥ ምን ይሠራል? ከእጁ እንጀምር። አዲስ የተወለደ ሕፃን እጅ ራጅ ቢነሣ፣ በአንጓው ላይ የሚኖሩት 8 ትናንሽ አጥንቶች አይታዩም፤ ገና አጥንት አልሆኑም። በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ ይጠነክራሉ፤ የመጨረሻዋ የምትታየው ብዙውን ጊዜ ከ8 ዓመት በኋላ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ «ጨ»ን ሲጽፍ ጣቱ እስኪነጣ እርሳሱን የሚጨብጠው፣ ሁለት መስመር ጽፎ እጁን የሚያራግፈው ሰንፎ አይደለም። ያ እጅ የሚዘጋጀው ጭቃ ሲያድቦለቡል፣ ዶቃ ሲሰካ፣ ወረቀት ሲቀድ፣ የገዛ ሹራቡን ሲቆልፍ ነው። የእኛ ፊደል 33 ሆኖ በ7 ሲባዛ 231 ቅርጽ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የእንግሊዝኛው ትልቁና ትንሹ ፊደል አለ። ዓይን ይህን ሁሉ በአምስት ዓመት ሊለይ ይችላል። እጅ ግን የራሱ ጊዜ አለው።

ከእጁ ወደ ልቡ እንሂድ። ሁለት ልጆች ቆርኪ ሰብስበው እቃ እቃ ሲጫወቱ አይታችኋል? «አንቺ እናት ሁኚ፤ እኔ ሐኪም ልሁን።» «አይ፣ ትናንት አንተ ነበርክ!» ይጣላሉ፤ ይታረቃሉ፤ ሕግ ያወጣሉ፤ የራሳቸውን ፍላጎት ገታ አድርገው ለሕጉ ይገዛሉ። ሐኪም የሆነው ልጅ ማልቀስ ቢያምረውም ሐኪም አያለቅስምና ይዋጠዋል። ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕለት ተዕለት ጠባዩ ልቆ እንደሚገኝ ያስተማረው ይህንን ነው። ተራ መጠበቅ፣ ሲሸነፉ መቻል፣ «ቲቸር፣ አልገባኝም» ብሎ እጅ ማውጣት፣ ሽንት ሲመጣ አስቀድሞ መናገር፣ ምሳ ዕቃን ከፍቶ በልቶ መክደን፦ እነዚህ ሪፖርት ካርድ ላይ ቁጥር አይሰጣቸውም። አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን ልጁ ተደግፎ የሚቆመው በእነሱ ላይ ነው።

አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ። አምስት ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። ጋዜጣ ሲሰጡት ያነባል። ወላጆቹ ደብል እንዲመታ ጠየቁኝ፤ እኔም በንባቡ ተደንቄ ተስማማሁ። ኅዳር ላይ እናቱ መጣች። «ደብተሩን አልጋ ሥር ደብቆት አገኘሁት» አለችኝ። ገለጥነው። እያንዳንዱ ገጽ መሀል ላይ ተቋርጧል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ልጁ ሳይገለብጥ ይጠፋበታል። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነበር፤ ለመጻፍ ግን እጁ አልደረሰለትም። በእረፍት ሰዓት ትልልቆቹ ኳስ ሲጫወቱ ግድግዳ ተደግፎ ያያቸዋል። በሦስት ወር ውስጥ ጠንቅቆ የተማረው ነገር ቢኖር «እኔ ሰነፍ ነኝ» የሚለው ነው። ቤት ውስጥ ጋዜጣ ማንበቡንም ተወ። ያን ልጅ ማንም አልበደለውም፤ ሁላችንም እንወደው ነበር። የሚያውቀውን ቆጠርን፤ የሚጎድለውን ግን አላየንም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ያፈሰስነውን ለመልቀም ሁለት ዓመት ፈጀብን።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው፤ ከአንድ ልጅ ተነሥቶ ሕግ ማውጣት አይገባም። ስለዚህ ብዙ ልጆችን ያዩ ጥናቶች ምን እንዳገኙ ልንገራችሁ። ኬሊ ቤዳርድና ኤሊዛቤት ዱዪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ የፈተና ውጤት መረመሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ልጆች በዕድሜ ታናሾቹን ከታላላቆቹ ጋር አነጻጸሩ። መቶ ልጆች በውጤታቸው ተራ ቢሰለፉ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ታናሾቹ ከ4 እስከ 12 ቦታ ወደ ኋላ ይገኛሉ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይም ከ2 እስከ 9። ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ግን ስምንተኛ ክፍል ድረስ ይዘልቃል። እዚህ ላይ አስተውሉ፤ እነዚህ ልጆች የዘለሉ አልነበሩም። በልደታቸው ወር ምክንያት ብቻ የክፍሉ ታናሽ ሆነው የተገኙ ናቸው። ልጁን ስናዘልለው ግን አውቀን የክፍሉ ታናሽ እናደርገዋለን።

ሌላው ይበልጥ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት ከ400 ሺህ በላይ የአሜሪካ ልጆችን ተመለከተ። የትምህርት መግቢያው ዕድሜ በሴፕቴምበር 1 በሚቆረጥባቸው ግዛቶች በኦገስት የተወለደው ልጅ የክፍሉ ታናሽ ይሆናል፤ በሴፕቴምበር የተወለደው ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት ስለሚቆይ ታላቅ። በኦገስት የተወለዱት በሴፕቴምበር ከተወለዱት ይልቅ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር አለባቸው የመባላቸው ዕድል በ34 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ወር የልደት ልዩነት የልጅ አእምሮ አይታመምም። አንዳንዱ ልጅ በሽተኛ የተባለው ከጎኑ ካለው ልጅ በዓመት ያህል ስለሚያንስ ነው። ልጅነቱ እንደ ሕመም ተቆጠረበት።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ላቅርብ፤ አንዱን ብቻ ነግሬአችሁ ብሄድ እውነቱን ማጉደል ይሆንብኛል። በኖርዌይ ልጆችን እስከ ጎልማሳነት የተከታተለ ጥናት የትምህርት መጀመሪያ ዕድሜ በኋለኛው ሕይወት ላይ ያለው ተጽዕኖ ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ልጃችሁን ቀደም ብላችሁ ያስገባችሁ ወላጆች ሌሊት እንቅልፍ አትጡ። በጣም ላቅ ያለ ተሰጥኦ ስላላቸው ልጆች ደግሞ ውጤቱ ግልጽ ነው። ሚራካ ግሮስ የተባለች አውስትራሊያዊት ተመራማሪ የማሰብ ችሎታ መለኪያቸው 160 እና ከዚያ በላይ የሆነ 60 ልጆችን ለረጅም ዓመታት ተከታተለች። ሁለት ክፍልና ከዚያ በላይ እንዲዘሉ የተፈቀደላቸው በትምህርትም በወዳጅነትም ደህና ሆነው አደጉ። ያለ ፍላጎታቸው ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲቆዩ ከተደረጉት ብዙዎቹ ብቸኝነትና የትምህርት ጥላቻ ገጠማቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ከብዙ ሺህ አንድ ነው፤ ቢሆንም አለ። ሲገኝም እሱን ማስቀመጥ በደል ነው።

እንግዲህ ከባዱ ሥራ መለየት ነው። ቀድሞ ያጠና ልጅ አለ፤ ነገሩ ቀድሞ የገባው ልጅም አለ። ሁለቱም ደብተር ላይ አንድ ይመስላሉ። በተለይ በእኛ ፊደል ማታለሉ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም 231ዱን ቅርጽ የለየ ልጅ ትርጉሙ ባይገባውም የፈለጋችሁትን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብላችኋል። ነገር ግን ፊደላችን የማይጽፈው አንድ ነገር አለ፤ ጥብቀትና ላላት። ይህንን ቤታችሁ ሄዳችሁ ሞክሩት። ወረቀት ላይ «ሕፃኑ ‘ወተት አለ?’ አለ» ብላችሁ ጻፉና ልጁ ያንብብ። የመጀመሪያው «አለ» ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ይላላል። «አባዬ ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል ደረሰ» ብላችሁም ጻፉ። ሁለቱን «ገና» ለይቶ የሚያነብ ልጅ ትርጉሙን ተከትሏል። ሁለቱንም አንድ አድርጎ የሚያነብ ልጅ ቅርጹን ነው የሚጠራው። ይህም ለዕድሜው ግሩም ነው፤ ልትደሰቱበት ይገባል፤ ለመዝለል ግን አያበቃም። ቀጥሎ ሰምቶት የማያውቀውን አጭር ተረት አንብቡለትና በራሱ ቃል ይንገራችሁ። «ጅቡ ለምን እንዲህ አደረገ?» በሉት። የሚጠይቃችሁን ጥያቄም አድምጡ፤ ያጠና ልጅ መልስ ያበዛል፤ የገባው ልጅ ጥያቄ ያበዛል።

በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለዚህ ውሳኔ አንድ መመዘኛ አዘጋጅተዋል። ከመመዘኛው ውስጥ ዕውቀትን የማይመለከቱ ሁለት መከልከያዎችን ወድጃቸዋለሁ። አንደኛው፣ ልጁ ራሱ ካልፈለገ አይዘልም። ሁለተኛው፣ ዝላዩ ልጁን ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ጋር አንድ ክፍል የሚያደርገው ከሆነ አይዘልም። ታናሹ ዘሎ ከታላቁ ጎን ሲቀመጥ ታላቁ ምን ይሰማዋል? በእኛ ቤት፣ ታላቅ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ተብሎ በሚከበርበት አገር፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ብዙ ልጆች በመካከል ናቸው፤ ከክፍሉ ትንሽ ቀድመዋል፤ ለመዝለል ግን አይበቁም። ለእነሱ መልስ ከሌለን ወላጁ ደብተሩን ይዞ መመለሱ አይቀርም። መልሱን ለመፈለግ ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ የለብንም።

የቄስ ትምህርት ቤትን የምታውቁ አስታውሱ። በዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ልጅ ሀሁ ይላል፤ አጠገቡ ያለው አቡጊዳ ይዟል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ደርሷል፤ ጥግ ላይ ያለው ዳዊት ይደግማል። ንባቡም በደረጃ ነው፤ ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። ያ ጥብቀትና ላላት ያልኳችሁ ነገር በነዚህ ደረጃዎች ውስጥ ተለይቶ የሚሠለጠን ነበር። እዚያ ቤት ማንም ደረጃ አይዘልም፤ ማንም ደግሞ ሌላውን አይጠብቅም። ፈጣኑ ልጅ ሲጨርስ ይቀጥላል፤ ወይም የኔታ ታናሾቹን እንዲያስቆጥር ያዙታል፤ ሲያስተምርም የራሱ ይጠናለታል። የዚያ ቤት አለንጋ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ያንን ጥበብ ግን ጥለነዋል። ሁሉንም ልጅ በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ቀን ማቆም ስንጀምር ነው የቀደመው ልጅ መዝለል ያስፈለገው። ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የልጆች ቤቷን ስትከፍት ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉትን በአንድነት ስታስተምር ነበር፤ ዓለም ይህን እንደ አዲስ ግኝት ተቀበለው። እኛ ግቢ ውስጥ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል።

መምህራን ሆይ፣ ይህ በእጃችን ነው። ቀድሞ የሚያነበው ልጅ «ሀ»ን ሃያ ጊዜ እንዲጽፍ አታድርጉት። ተረት ያንብብላችሁ፤ ጓደኞቹ ስለ ተረቱ ሥዕል ይሣሉ። ቁጥር የሚያውቀው በቆርኪ ሱቅ ከፍቶ መልስ ይስጥ። ለንባብ ሰዓት ብቻ ከፍ ወዳለው ክፍል ሄዶ ይመለስ፤ ለጨዋታና ለምሳ ከእኩዮቹ ጋር ይሁን። ክፍላችሁ ውስጥ ልጅ በዝቶባችሁ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ቢሠራ ልጁ «እዚህም ለእኔ ሥራ አለ» ይላል።

ወላጆች፣ ለመዝለል ከወሰናችሁ እንዲህ አድርጉ። መስከረም ላይ ይሁን እንጂ በዓመቱ መሀል አይሁን። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት የሙከራ አድርጓቸው፤ ልጁም ከመጀመሪያው ይወቀው፦ «ሄደህ ታየዋለህ፤ ካልተመቸህ ትመለሳለህ፤ መመለስ ነውር አይደለም።» የልደት ዘመን አታስለውጡ፤ በወረቀት የተጨመረ ዕድሜ አጥንት ላይ አይጨመርም። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንንም የዕድሜ ገደብ ይገጥማቸዋል። በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20፣ አምስት ዓመት ካልሞላው ኪንደርጋርተን አይገባም። በጥቂት ቀን የቀረበት ወላጅ ማዘኑ አይቀርም። የቀረችው ዓመት ግን ልጁ አማርኛ የሚናገርባት፣ ከአያቱ ጋር የሚውልባት ልትሆን ትችላለች፤ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ እንደዚያች ያለ ዓመት አይገኝም።

ሰኞ ማክሰኞ ተጫውታችኋል። ጠጠሩ ያለበት ሳጥን ይዘለላል፤ ግን ሲመለሱ ጎንበስ ብለው ጠጠሩን ማንሣት ግዴታ ነው። ያልተነሣ ጠጠር ካለ ጨዋታው አይቀጥልም። ደብል የመታ ልጅም የተዘለለውን ሳጥን ጠጠር አንድ ቀን ተመልሶ ያነሣዋል። በአምስት ዓመቱ ቢያነሣው በሳቅ ነው፤ በአሥር ዓመቱ ሲሆን ግን ክፍሉ ሁሉ እያየው ነው።

በመጪው ነሐሴ ደብተሩን ይዛችሁ ስትመጡ እኛ መምህራን እናየዋለን፤ አናጣጥለውም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ወንበሩ ሥር ወደገባው ልጃችሁ ጎንበስ በሉና ጉንዳኑ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን እስኪጨርስ አድምጡት። ስንተኛ ክፍል እንደሚገባ ከዚያ በኋላ አብረን እንወስናለን።